የመኪና ሪሞት ጠፋ ወይ ተበላሸ? ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ቁልፍ ለማን እንደሚሆን

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውጭ መኪና ያሳደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፣ መስታወቱ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፣ ሪሞቱን ትጫናላችሁ፣ በሩ ዝም። ጠጋ ብላችሁ ትደግሙታላችሁ። አሁንም ዝም። ያኔ አብዛኛው ሰው «በቃ ሪሞቱ ሞቷል፣ ሌላ ልግዛ» ይላል። ወይ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደወላል፣ ወይ ቴሌግራም ላይ «የቪትዝ ሪሞት ያለው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ መልኩ ቁርጥ ያንኑ የሆነ ሪሞት ተገዝቶ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይመጣል። ይጫኑታል። ምንም የለም።

ይህን የምጽፈው በዚህ መንገድ ገንዘባቸውን የጣሉ ብዙ ሰዎች ስለማውቅ ነው። ሪሞት ከመኪና ጋር የሚተዋወቀው በመልክ አይደለም። በውስጡ በተጻፈ ቁጥር ነው፣ ያንን ቁጥር ደግሞ መኪናው አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ አለበት። ስለዚህ «የቱን ልግዛ» ከሚለው በፊት «የጎደለኝ ምንድን ነው» የሚለው ይቅደም።

አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ሥራ

በእጃችሁ ያለው ቁልፍ አንድ ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን ከብረቱ ጥርስ ሌላ እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ውስጡ ተቀምጠዋል።

አንደኛው በተኑን ስትጫኑ በር የሚከፍተው ሪሞት ነው። ይህ ባትሪ ይበላል፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ወይም ሲአር 2016 የሚባለውን፣ ሳንቲም የመሰለውን የ3 ቮልት ባትሪ። ሁለተኛው ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው ቺፕ ነው። ቺፑ ባትሪ የለውም። ቁልፉን አስገብታችሁ ስታዞሩ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ የሽቦ ቀለበት በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሞገድ ይለቃል፣ ቺፑ ከዚያው ሞገድ ጉልበት ወስዶ ይነቃና ማንነቱን ይናገራል። መኪናው ካላወቀው ሞተሪኖው ቢዞርም ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። አዲሶቹ ቺፖች ደግሞ ቁጥር በመናገር ብቻ አያበቁም። መኪናው በየጊዜው የተለየ ጥያቄ ይሰጣቸዋል፣ ቺፑ ውስጡ በተቆለፈ ምስጢር አስልቶ ይመልሳል፣ መኪናው በራሱ በኩል ያሰላውን ከመልሱ ጋር ያስተያያል።

አውሮፓ ውስጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ይህን ሥርዓት እንዲይዝ የተገደደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ዲኤክስ ኮሮላ ወይም የድሮ ላንድክሩዘር የምትነዱ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባችሁም። ብረቱን ማስቀረጽ ይበቃችኋል።

ሪሞቱም የራሱ ብልሃት አለው። በተጫናችሁት ቁጥር የሚልከው ኮድ ይቀየራል፣ እንደ ደረሰኝ ቁጥር ወደ ፊት እየሄደ። መኪናው እስከተወሰነ ድረስ ወደ ፊት የራቀውን ቁጥር ይቀበላል፣ ያለፈውን ግን ፈጽሞ አይቀበልም። ሌባ አንዴ የተላከውን ሞገድ ቀድቶ መልሶ ቢልከው የማይከፍትለት ለዚህ ነው። ከእነዚህ ስሌቶች በጣም የሚታወቀው ኪሎክ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መሆኑን ሳውቅ ደስ ብሎኛል፤ ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ገዛው። ለእናንተ ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ሕፃን ልጅ ከመኪናው ርቆ ሪሞቱን መጫወቻ ካደረገው ቁጥሩ መኪናው ከሚጠብቀው እጅግ ያልፋል፣ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ያ ሪሞት አልተበላሸም። እንደገና ማስተዋወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን እኔ ራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። የመኪናዬ ቁልፍ ከቨሩ ተሰንጥቆ ስለነበር ባዶ ከቨር ገዛሁ። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ አረንጓዴዋን የሪሞቱን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከነባትሪዋ ወደ አዲሱ አዛወርኩ፣ ወጥቼ ሞከርኩት፣ በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። አሮጌውን ከቨር ከአመዱ ጋር ደፋሁት። ጠዋት ግን መኪናው አልነሳ አለ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይይዝም። ባትሪ አየሁ፣ ነዳጅ አየሁ፣ ጎረቤት ጠራሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንጎረጉር ቆየን። በመጨረሻ ባለቤቴ «ማታ የጣልከው ውስጥ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?» አለችኝ። አመዱን በትኜ አገኘሁት። ብረቱ በተሰካበት ጭንቅላት ውስጥ ባቄላ የምታክል ጥቁር ነገር ተጣብቃለች። ቺፗ እሷ ነበረች። በምላጭ ቀስ ብዬ ፈልቅቄ አዲሱ ከቨር ውስጥ አስገባኋት፣ መኪናው በአንድ ጊዜ ተነሳ። በአንዳንድ ቁልፍ ደግሞ ቺፑ የገብስ ፍሬ የመሰለች የመስታወት ብልቃጥ ነው፣ በአንዳንዱ ሰሌዳው ላይ ራሱ ተበይዷል። ከቨር ስትቀይሩ መኪናው ተነስቶ እስክታዩ ድረስ አሮጌውን አትጣሉ።

መጀመሪያ መርምሩ

ምርመራው ቀላል ነው። በሩ በሪሞት አልከፍት ካለ፣ በብረቱ ከፍታችሁ ስትገቡ ግን መኪናው ከተነሳ ቺፑ ደህና ነው። ባትሪ ነው፣ ወይ ሪሞቱ ነው። በሩ በሪሞት ተከፍቶ ሞተሩ እምቢ ካለ ደግሞ ቺፑን ጠርጥሩ።

ባትሪውን በተመለከተ የኛ አገር ብርድ ዋዛ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ላይ ናት፣ እነዚህ ትንንሽ ባትሪዎች ደግሞ በብርድ አቅማቸው ይወርዳል። አንድ ጊዜ ጠዋት እቤቴ በር ላይ እምቢ ያለኝ ሪሞት ጣርማ በርን አልፌ፣ ደብረ ሲናን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ስጫነው ሠራ። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቆላ ናት፣ ባትሪው ሞቀው። እንደዚያ የሚያደርግ ባትሪ ሊሞት የደረሰ ነውና ቀይሩት። ስትቀይሩ የድሮውን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ፤ 2016 ከ2032 ይሳሳል፣ ቦታው ላይ ይላላል፣ አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል።

ሁለተኛ ቁልፍ ለሚፈልግ፦ ተራው ባለ ቺፕ ቁልፍ

አንድ ቁልፍ ብቻ ይዛችሁ የምትነዱ ከሆነ ከሁሉም የምመክረው ይህን ነው። በተን የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ በር በእጅ ይከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል። ዋጋው ከሪሞት በጣም ያንሳል። ለመጠባበቂያ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ቺፑን ለማዘጋጀት ግን ሁለት መንገድ አለ፣ ልዩነታቸውም ትልቅ ነው። አንደኛው ኮፒ ነው። ባለሙያው የሚሠራውን ቁልፋችሁን በመሣሪያ አንብቦ ያንኑ ማንነት ባዶ ቺፕ ላይ ይጽፈዋል። መኪናው አዲሱን ከድሮው አይለየውም። ሁለተኛው ማስመዝገብ ነው። አዲሱ ቺፕ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ባለሙያው ከመሪው ሥር ባለው የኮምፒውተር መሰኪያ ገብቶ ያንን ቁጥር መኪናው ላይ ይጨምረዋል።

ለኛ ለክፍለ ሀገር ሰዎች ኮፒው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። መኪናው እዚያ መገኘት አይኖርበትም። መሐል ሜዳ ወይም እነዋሪ ያለ ሰው ቁልፉን ብቻ በሰው እጅ ወደ ከተማ ልኮ ማስቀረጽ ይችላል፣ ማስመዝገብ ቢሆን ግን ወይ መኪናው ይሄዳል ወይ ባለሙያው ይመጣል። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ሁለቱ ቁልፎች ለመኪናው አንድ ስለሆኑ አንዱ ቢሰረቅ እሱን ብቻ ለይቶ ማጥፋት አይቻልም። ያጠፋችሁት ቀን በእጃችሁ ያለውም አብሮ ይጠፋል። በመንገድ ላይ ደግሞ ቁልፉን የያዘ ሰው ሌላ ኮፒ ቢያስቀርጽ አታውቁም። ስለዚህ በኮፒ ከሄዳችሁ ቁልፉን በዘመድ እንጂ በማታውቁት ሰው አትላኩ። ከኔ ብትሰሙኝ፣ መኪናው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሌላ ጉዳይ የሚሄድበት ቀን ካለ ያን ቀን ጠብቁና አስመዝግቡ፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሥራውም ረጅም ሰዓት አይወስድም። ኮፒው ለመኪናቸው መንገድ ለማይመቻቸው ይሁን። ሁሉም ቺፕ ኮፒ እንደማይደረግም እወቁ። ምስጢራቸው የጠነከረ አዳዲሶቹ ቺፖች ላይ ማስመዝገብ ብቻ ነው ያለው።

ሪሞት ለሚገዛ፦ አዲስ ኦሪጅናል፣ ተመሳሳይ፣ ወይስ ያገለገለ?

እዚህ ላይ ነው ሰው በብዛት የሚሳሳተው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሞገድ ቁጥሩ ነው። ጃፓን ለራሷ ገበያ የምትሠራቸው መኪናዎች ብዙ ጊዜ በ315 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይነጋገራሉ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት በ433.92። የ433 ሪሞት ለ315 መኪና ደንቆሮ ነው፣ ምንም ፕሮግራም ቢደረግ አይሰማማም።

ቪትዝን ውሰዱ። ቪትዝ የጃፓን ገበያ ስሙ ነው፣ ለውጭ የተሠራው ወንድሙ ያሪስ ይባላል። እኛ ጋ ግን ሁለቱንም «ቪትዝ» ብለን ነው የምንጠራው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረው የጃፓኑ ነው፤ ሲሠራም ባለ ግራ መሪ የነበረው ያሪስ ነው። «የቪትዝ ሪሞት» ብሎ መግዛት ዕጣ እንደ ማውጣት የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድ ቁልፍ ሠሪ ሱቁ ቆሜ የመኪናዬን ሞዴልና ዓመት ስዘረዝርለት አቋረጠኝና «ወንድሜ፣ የመኪናውን ስም ተወው፣ የሪሞቱን ጀርባ አሳየኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ጀርባው ላይ ወይም ሰሌዳው ላይ ጥቃቅን ቁጥሮች አሉ። እነሱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና አሁኑኑ አስቀምጡ፣ ሪሞቱ ሳይጠፋ።

አዲስ ኦሪጅናል ውድ ነው፣ የሞገዱም የቺፑም ነገር ግን አያስጨንቅም፤ በሻሲ ቁጥራችሁ ይታዘዛል፣ ይመጣል፣ ይመዘገባል። መኪናው አዲስ ከሆነና ዋስትናው ካላለቀ ሌላ ጋ አትሂዱ።

ተመሳሳዩ፣ ማለትም ሌላ ፋብሪካ የሚሠራው ባዶ ሪሞት፣ ለአብዛኛው ሰው የሚበቃው ነው። አንዳንዶቹ ባለሙያው በመሣሪያ የፈለገውን ሞዴል የሚጽፍባቸው ናቸው፣ ለቶዮታም ለሱዙኪም ለሃዩንዳይም ይሆናሉ። የበተኑ ጎማ ቶሎ ያልቃል፣ የሚደርስበት ርቀትም አንዳንዴ ያጥራል። ሲገዙት ግን አንድ ነገር አስረግጣችሁ ጠይቁ፦ «ቺፕ አለው ወይስ ሪሞት ብቻ ነው?» ሪሞት ብቻ ከሆነ በር ከፍቶ ሞተር አያስነሳም። ያንን ያልጠየቀ ሰው ሁለቴ ይከፍላል።

ያገለገለው፣ ከሌላ መኪና የወጣው፣ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። እኔ አልመክርም። ብዙ ቺፖች አንዴ ለአንድ መኪና ከተመዘገቡ በኋላ ይቆለፋሉ፣ ሌላው መኪና አይቀበላቸውም። በተለይ ስማርት ኪይ ላይ፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ በር በሚከፍተው ማለት ነው፣ ይህ የተለመደ ነው። መክፈቻ መሣሪያ ያላቸው ባለሙያዎች አሉ፣ ግን የመክፈቻው ክፍያ ሲደመር ርካሽነቱ ይጠፋል። የግድ ከሆነ ሻጩን «መኪናዬ ላይ ተመዝግቦ ሠርቶ ሳየው እከፍላለሁ» በሉት።

በአንዳንድ የድሮ ቶዮታዎች ላይ የሪሞቱ ክፍል ያለ ምንም መሣሪያ ይመዘገባል። ቁልፉን በተወሰነ ቁጥር በማስገባትና በማውጣት፣ በሩን በመክፈትና በመዝጋት። ከሞዴል ሞዴል ቅደም ተከተሉ ይለያያልና የራሳችሁን መጽሐፍ ተመልከቱ። ቺፑ ግን በዚያ መንገድ አይመዘገብም።

አላርም ማስገጠም

መኪናው ሲወለድም ሪሞት ያልነበረው ከሆነ አላርም ጥሩ ምርጫ ነው። የራሱ ሳጥንና የራሱ ሁለት ሪሞት አብሮት ስለሚመጣ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መተዋወቅ አያስፈልገውም። ችግሩ ከገጠማው ነው። ሽቦ ተቆርጦ፣ ተላጥቶ፣ በቴፕ ተጠቅልሎ ከተተወ ከዓመት በኋላ ክረምት ላይ ራሱን በራሱ ሌሊት የሚያስጮህ፣ ባትሪ የሚጨርስ መኪና ይሆናል። ግንኙነቱ እንዲበየድና ፊውዝ እንዲኖረው ጠይቁ። ኮዱ የሚቀያየር መሆኑንም አረጋግጡ፤ ሁልጊዜ ያንኑ ኮድ የሚልክ ርካሽ አላርም አለ፣ እሱን ተዉት።

ፋብሪካው የሠራለት ሪሞት ላለው መኪና ግን የጠፋ ሪሞት ለመተካት ብሎ አላርም ማስገጠም ትክክል አይመስለኝም። የቺፑ ጥያቄ እንዳለ ይቀራል።

ስማርት ኪይ

ኪስ ውስጥ ሆኖ በር የሚከፍተው፣ ሞተር በበተን የሚነሳው ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ምርጫ ብዙም የለም። መኪናው ለዚያ ከተሠራ የሚቀበለው ስማርት ኪይ ብቻ ነው፣ ውድ ነው፣ ስለዚህ ያለው እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ነው። ባትሪው ቢያልቅ አትደንግጡ። ጎኑ ላይ የሚመዘዝ ብረት አለ፣ በሩን በእሱ ክፈቱ፣ ከዚያ ቁልፉን ከማስነሻው በተን ጋር አስጠግታችሁ ተጫኑ፣ አብዛኞቹ ላይ ይነሳል። ውስጡ ያለው ቺፕ ያለ ባትሪም ይመልሳል። ቦታው ሌላ የሆነባቸው መኪናዎች አሉ፣ የናንተ የት እንደሆነ ዛሬ እዩ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ እየበዛ ነው። እነዚህ በብዛት ስማርት ኪይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ በካርድ ወይም በስልክም ይከፈታሉ። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ሌላው ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው፣ የበሩ መቆለፊያ የሚሠራው በእሱ ነው። እሱ ሲሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ሪሞቱ ምንም አያደርግም። አዲስ ሪሞት ከማዘዛችሁ በፊት እሱን አስለኩ።

ስማርት ኪይ ያላችሁ፣ ማታ ቁልፉን ከመንገድ በሚያዋስን ግድግዳና በር አጠገብ አትስቀሉት። ሁለት ሌቦች ሞገዱን ከቤታችሁ ወደ መኪናው በመሣሪያ አሻግረው የሚከፍቱበት ዘዴ አለ። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ማሳደር ብዙ ይረዳል፣ ከጣሳው አጠገብ ቆማችሁ በሩ አለመከፈቱን ሞክሩት።

ሁሉም ቁልፍ ሲጠፋ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የሚሠራ ቁልፍ ሳይኖር ኮፒ የሚባል ነገር የለም። ማስመዝገቡም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ብዙ መኪናዎች አዲስ ለመቀበል አንድ የሚያውቁትን ቁልፍ ማየት ይፈልጋሉ። በቀድሞዎቹ ቶዮታዎች ላይ ጥቁር ጭንቅላት ያለው ዋና ቁልፍ ነበር፣ ግራጫው ሞተር ቢያስነሳም አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ አይችልም። ዋናው ከጠፋ የመኪናው ኮምፒውተር ተፈቶ ማኅደሩ እንደገና ይጻፋል።

አንድ የማውቀው ሰው መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ብቸኛ ቁልፉን ጣለ። ለልቅሶ ነበር የሄደው፣ በርኖሱን ሲያወልቅ ሲለብስ የት እንደወደቀ አላወቀም። ባለሙያ ከአዲስ አበባ በጣርማ በር በኩል እስኪመጣለት ሁለት ቀን ጠበቀ፣ ለባለሙያው መንገድ፣ አልጋና ምግብ ከፈለ፣ ከዚያ የቁልፉን ዋጋ ከፈለ። ተራ ባለ ቺፕ ቁልፍ ቤቱ ቢኖረው ኖሮ ልጁ በማግስቱ በሚኒባስ ይልክለት ነበር። መጠባበቂያውን መኪናው ውስጥ ሳይሆን እቤት አስቀምጡት።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሊብሬውንና መታወቂያችሁን ያዙ። ባለሙያው ሳይጠይቃችሁ ሥራ ከጀመረ ነገ ለሌባም እንደዚያው ይሠራልና ሌላ ፈልጉ።

ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ በምታስመዘግቡበት ቀን ባለሙያው መኪናው ስንት ቁልፍ እንደሚያውቅ በመሣሪያው እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ብዙ መኪናዎች ላይ ቁጥሩ ይታያል። በእጃችሁ ሁለት ሆነው መሣሪያው ሦስት ካለ፣ ሦስተኛው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም አስጠፉና በእጃችሁ ያሉትን ብቻ እንደገና አስመዝግቡ። ለዚህ ሥራ ያሏችሁ ቁልፎች ሁሉ እዚያው መገኘት አለባቸው፣ እቤት የተረሳው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሞተር አያስነሳም።